ለልጆቹ የተተወው ፋታ

ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ዝምታን የሚወድ ሰው አይገኝም። እዚያ ቤት ዝምታ ማለት ወይ መሣሪያ ተበላሽቷል፣ ወይ ተረኛው እንቅልፍ ጥሎታል፣ ወይ ደግሞ ነገ ጠዋት ኃላፊው የሚጮህበት ሰው እየተፈለገ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በአንዲት የጣቢያው ሠራተኛ ላይ ባልደረቦቿ «ይቺ ሴትዮ ደመወዝ የሚከፈላት ዝም ለማለት ነው» እያሉ ሲያሾፉባት ኖረው በመጨረሻ እትዬ ዝምታ የሚል ስም አወጡላት። እሷም አልተቀየመችም። ስልክ ስታነሳ እንኳ «አቤት፣ ዝምታ ነኝ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

ሥራዋ በሬዲዮ እንግሊዝኛ ማናገር ነበር። ማስተማር አላልኩም፤ ማናገር ነው ያልኩት። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ዴስክ በሚታደልበት፣ መምህሩ ራሱ እንግሊዝኛ ተናገር ሲባል ላብ በሚያጠምቀው ትምህርት ቤት ሁሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና የእሷ ድምፅ ይወጣል። «ጉድ ሞርኒንግ፣ ችልድረን!» ትላለች። ከዚያ ዝም ትላለች፤ ልጆቹ ሰላምታዋን እስኪመልሱ። «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ትላለች፤ ደግሞ ዝም። መምህሩ አንዱን ልጅ በጣቱ ይጠቁማል፣ ልጁ ይነሳል፣ ስሙን ይናገራል፣ እሷም እዚያው ፊቱ ቆማ የሰማችው ይመስል «ቬሪ ጉድ!» ትለዋለች። ያንን በመሃል የሚተወውን ጊዜ ፋታ ይሉታል። ልጆቹ አፋቸውን የሚከፍቱት በፋታው ነው። የቀረው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ከየትኛውም ሬዲዮ ይገኛል።

ለፋታ እንዲህ መንገብገቧ ከመሬት ተነስቶ አልነበረም። ልጅ ሆና አፏ ቶሎ የማይፈታላት ነበረች። መንተባተብ አይደለም፤ መልሱን ታውቀዋለች፣ ነገር ግን ከሐሳቧ እስከ ምላሷ ያለው መንገድ ይረዝምባታል። አስተማሪው ይጠይቃታል፣ ትነሳለች፣ ምራቋን ትውጣለች፣ መልሱ አፏ ጫፍ ላይ ሲደርስ አስተማሪው ሌላ ረድፍ ላይ ሌላ ልጅ እየጠየቀ ነው። «ተቀመጪ፣ አንቺ ግዑዝ!» ይላታል ዘወር ሳይል። እሷም መልሱን እንደያዘች ወደ ቤቷ ትሄድና ለልብስ ሰፊው አባቷ ትነግረዋለች። አባቷ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ያነሳል፤ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ፣ ተናግራ እስክትጨርስ ይጠብቃታል። ሱሪው የቸኮለበት ደንበኛ ሲያጉረመርም «ትንሽ ይታገሡ፣ ልጄ እያወራች ነው» ይላል። ይኸው ነው። ያን ጊዜ እንደ ልዩ ነገር አላየችውም፤ ዓለም ላይ የሚጠብቅ ሰው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የገባት ካደገች በኋላ ነው።

ጣቢያው የገባችው በታይፒስትነት ነበር። የእንግሊዝኛውን ትምህርት እንዲያነብ የተቀጠረው ሰውዬ ድምፁ የሚያምር፣ ነገር ግን የሚያባርሩት ይመስል የሚሮጥ ነበር። ለሙከራ አንድ ትምህርት ቤት ወስደው ሲያሰሙት ልጆቹ ተያይተው ሳቁ። አንደኛው ኃላፊ ተናዶ «ጽሑፉን የጻፈችው ልጅ ታንብበው እንግዲህ!» አለ፤ እንደ ቀልድ። አነበበችው። በየጥያቄው መጨረሻ ላይ ቆማ፣ የማይታይ ልጅ እየጠበቀች አነበበችው። ሰውዬው ወደ ዜና ክፍል ተዛወረ፤ መሮጡ እዚያ ጠቀመው።

ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ የተቀመጠው ቴክኒሻን ጆሮው ይባል ነበር። የወረቀት መንኮሻኮሽ፣ የሆድ መጮህ፣ ኮሪደር ላይ ያለፈ ጫማ፣ ምንም አያመልጠውም። ገና ወጣት ሳሉ ነው የተገናኙት። እሱ «እህት ዓለም» ይላታል፣ እሷ «ወንድም ዓለም» ትለዋለች፤ ከዚህ በላይ ዝምድና የላቸውም፣ ግን ስንቱ የሥጋ ዘመድ ይቀናባቸው ነበር። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ አዲስ ትምህርት ከመቅረጿ በፊት አንድ ትምህርት ቤት ትሄድና የኋላ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። ጎበዙን ልጅ አታይም፤ ጎበዝ ልጅማ ያለ ሬዲዮም ይናገራል። ከሁሉ የዘገየችውን ትመርጣለች። ስትጠየቅ እንዴት እንደምትነሳ፣ የት የት እንደምታይ፣ አፏን ስንቴ ከፍታ እንደምትዘጋ ልቅም አድርጋ ታያለች። ስቱዲዮ ስትመለስ ታዲያ ጥያቄውን ጠይቃ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያቺን ልጅ በሐሳቧ ታስነሳታለች፣ ታናግራታለች፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። ጆሮውም እስትንፋሱን ውጦ ይጠብቃል። አንድ ቀን የዚያን ጊዜው ኃላፊ በሩን በርግዶ «ሬዲዮው ሞተ እንዴ?» ብሎ ሲገባ፣ ጆሮው ከወንበሩ ተነስቶ «ጌታዬ፣ አሁን ልጆቹ እየተናገሩ ነው፤ ይውጡልን» ብሎት ነበር። ለኃላፊ! እሷ ይህን አልረሳችም። ባሏ ሲሞትም ቤቷን ከፍቶ የዘጋው፣ ለቀስተኛ ያስተናገደው ጆሮው ነው። እና አንድ ሰው መጥቶ «ጆሮውን ታምኚዋለሽ?» ቢላት፣ ጠያቂውን እንደ እብድ ታየው ነበር።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ምን እንደሚመጣ ቢሮ የዋለ ሁሉ ያውቃል፤ መጋረጃው ይቀየራል፣ ስብሰባው ይበዛል፣ ነዳጅ ይጠፋል። ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት የምትዞርበት መኪና «ለአስቸኳይ ሥራ ይፈለጋል» ተባለ። ቅር አላት እንጂ አልተጨቃጨቀችም፤ ጉልበቷም እያስቸገራት ስለነበር፣ የምታውቃቸውን የዘገዩ ልጆች በሐሳቧ እያስነሳች መቅረጿን ቀጠለች። ትምህርቱ የሚተላለፈው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደግሞ እሷ ስቱዲዮ ውስጥ የሚቀጥለውን እየቀረጸች ናት፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሬዲዮ አይከፈትም። እንዲህ ሆኖ የገዛ ድምጿን አየር ላይ ሳትሰማ ዓመት አለፋት።

ነገሩ ብቅ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ለጉልበቷ መድኃኒት ልትወስድ ሄዳ «ተራው የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ከፊቷ የተሰለፈችው ወጣት ሴት ዞር አለች።

«ይቅርታ፣ እርስዎ የሬዲዮዋ ቲቸር አይደሉም?»

እትዬ ዝምታ ፈገግ አለች። ሰው በድምጿ ሲያውቃት ለምዳዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ እቅፍ ያደርጓታል። ይቺኛዋ ግን ፊቷ ጭፍግግ አለ።

«ምነው እንዲህ ጨከኑብን?» አለቻት። «እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ልጆቼ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጥለዋቸው ያልፋሉ እኮ! ምን አጠፉ?»

«የኔ እመቤት፣ ተሳስተሻል። እኔ ልጆች ጥዬ አላልፍም» አለች እትዬ ዝምታ፤ ድምጿ ትንሽ ጠንከር አለ።

«ይምጡና ይስሙት እንግዲህ» አለችና መምህሯ ትምህርት ቤቱ ያለበትን ሰፈር ነገረቻት። ከዚያ ተራዋ ደርሶ ገባች።

ነገሩ ከነከናት። በማግሥቱ ለጆሮው እየሳቀች ነገረችው። እሱም ሳቀ።

«ባትሪ ሲደክም እንዲህ ነው እህት ዓለም፤ ይቆራረጣል። ነይ፣ ትናንት የቀረጽነውን ላሰማሽ።»

አሰማት። ፋታው ሙሉ፣ ልክ እሷ እንደተወችው ነበር። ልቧ ተመለሰ። እንዲያውም በዚያች መምህርት ተናደደችባት፤ «ባትሪዋን ሳታይ ሰው ትከሳለች» ብላ አጉረመረመች። ጆሮው ግን ያንን ቀን ሙሉ ዓይኗን አላየም። ይህን ያስተዋለችው በኋላ ነው፤ ያኔማ ማን ልብ ይላል።

ወደዚያ ትምህርት ቤት የሄደችው መምህሯን ልታርማት ነው። እውነቱን መናገር ይሻላል። በቦርሳዋ አዲስ ባትሪ ይዛ ነበር። ግቢው ሰፊና አቧራማ ነው፤ ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዴስኩ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ። መምህሯ ስታያት ደነገጠች፤ ወንበር ሰጠቻት፤ ባትሪውንም ምንም ሳትል ተቀብላ ቀየረችው። ከዚያ ሬዲዮውን ከፈተች።

መጀመሪያ የመጣው የሳሙና ማስታወቂያ ነው። ዘፈን አለው። ልጆቹ ሁሉ በአንድ አፍ፣ እያጨበጨቡ ዘፈኑት፤ ቤቱ ደመቀ። ቀጥሎ የእሷ ድምፅ መጣ፤ ልጆቹም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ጭጭ አሉ።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ችልድረን! ቬሪ ጉድ! ዋት ኢዝ ዩር ኔም? ቬሪ ጉድ! ሃው አር ዩ ቱዴይ? ቬሪ ጉድ! ስታንድ አፕ! ሲት ዳውን! ቬሪ ጉድ!»

እትዬ ዝምታ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ድምፁ የእሷ ነው፤ ቃሉም የእሷ ነው፤ ሴትዮዋ ግን ሌላ ናት። ትጠይቃለች፣ መልስ አትፈልግም፣ ማንም ሳይናገር ታመሰግናለች፣ ትሮጣለች። ከልጆቹ አንድም የተነሳ የለም። መምህሯ ማንንም አልጠቆመችም፤ ጣቷን ለማንሳት እንኳ ጊዜ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ወደ ዜና ክፍል የተዛወረው ሰውዬ የእሷን ጉሮሮ ተውሶ የመጣ መሰላት።

«ባትሪው አይደለም» አለች መምህሯ በቀስታ። «መጀመሪያ ላይ ልጆቹ እየተነሱ ይሞክሩ ነበር። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ያልፏቸዋል። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ከዚያ ተዉት።»

«ለምን ለጣቢያው አልተናገራችሁም?»

«ደወልን እንጂ! ደጋግመን ደወልን። አንድ ድምፁ ጎርነን ያለ ሰው ነው ያነሳው። ‹እህት ዓለም› እያለ በትሕትና ነው ያስረዳኝ። እርስዎ ራስዎ እንዲፈጥን እንዳዘዙ ነገረኝ። ‹ልጆች ይዘናጋሉ፣ ይቀልጥፉ› ብለዋል አለኝ።»

«እህት ዓለም» የሚል ሰው ዓለም ሙሉ ሊኖር ይችላል፤ ጣቢያው ውስጥ ያለው ግን አንድ ነው። እትዬ ዝምታ ወደ ግቢው ወጣች፤ ግድግዳ ተደግፋ ስልኳን አወጣች።

«ወንድም ዓለም፣ ትምህርት ቤት ነኝ» አለችው።

«የምን ትምህርት ቤት?»

«ሬዲዮ ያለው ትምህርት ቤት።»

«ሰማሽው?» አለ። «ምንድነው?» አላለም፤ «ሰማሽው?» ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ማስረጃ አልፈለገችም።

«ንገረኝ» አለች።

«እህት ዓለም፣ አዲሱ ኃላፊ ጠርቶ ትምህርቱ ወይ ይጠር ወይ ይዘጋ አለኝ። ማስታወቂያ መግባት አለበት አለ። ምን ላድርግ? ቃልሽን እንዳልነካ ማልኩ። አልነካሁም ደግሞ! አንዲት ቃል አልቆረጥኩም፤ ሄደሽ ቁጠሪ። ከቃልሽስ ከምቆርጥ ሞቼ ልገኝ። ባዶ ባዶውን ብቻ ነው ያወጣሁት።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። ይሄ ነው ያንገበገባት። ሌባ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ሌባ የሚሰርቀውን ያውቃል። ይሄ ሰው ያን ሁሉ ዓመት እስትንፋሱን ውጦ ከጎኗ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ለእሱ የሚጠብቀው ባዶ ነገር ነበር።

«ባዶ ነው ያልከው?» አለችው።

«እንደ ሬዲዮ ሰው ስታስቢው ማለቴ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እምቢ ትይ ነበራ።»

«እምቢ እል ነበር።»

«ይኸው! እምቢ ብትይ ያባርሩሻል። አንቺን ላድን ብዬ ነው።»

«እሺ፣ መልሰው። የወጣውን ሁሉ መልሰህ ክተተው።»

«ከየት አምጥቼ? ከቆረጥኩ በኋላ ሙሉውን አጥፍቼዋለሁ እኮ። ቦታ ይይዛል።»

እነዚያ በሐሳቧ ያስነሳቻቸው፣ ያናገረቻቸው ልጆች ሁሉ፣ ቦታ ስለያዙ ጠፍተዋል። አንድ የቀራትን ጥያቄ ግን አልዋጠችውም።

«መምህራኑ ሲደውሉስ? እኔ እንዳዘዝኩ የነገርካቸው ለምንድነው?»

ጆሮው ጉሮሮውን ጠራረገ። «አንቺ ካልሽ አይከራከሩም ብዬ ነዋ። ስምሽን ያከብሩታል።»

እትዬ ዝምታ ስልኩን ዘጋችው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ስድብ ለማያውቁት ሰው ነው። ሆድ ባሳት፣ እንባዋ መጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ባሏ ሲሞት እንኳ እንዲህ ብቻዋን አልሆነችም ነበር፤ ያኔ ጆሮው ነበራ። ፋታውን ቆርጦ ቢያቆም አንድ ነገር ነው። እሱ ግን እሷ ሰው የማትጠብቅ ሴት እንደሆነች በየትምህርት ቤቱ በስሟ አስወራባት። ልጅነቷን ሙሉ ጥሏት ሲያልፍ የኖረውን አስተማሪ እሷን ራሷን አደረጋት። ይህን ሊያደርግ የሚችል ጠላት አልነበራትም፤ ጠላት ይህን ያህል አያውቃትም።

ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ሬዲዮው እየሮጠ ነው።

«ዝጊው» አለቻት መምህሯን። «እኔው ላናግራቸው።»

መምህሯ ዘጋችው። ልጆቹ ሴትዮዋንና ሬዲዮውን እያፈራረቁ አዩ። «ልጆች፣ የሬዲዮዋ ቲቸር ናቸው፤ ሊጠይቁን መጥተው ነው» ስትላቸው ተንሾካሾኩ፣ ሳቁ፣ ኋላ ያሉት ለማየት ዴስክ ላይ ቆሙ። እትዬ ዝምታ ደስታቸውን ስታይ ልቧ ትንሽ ተረጋጋ። ጆሮው ቆርጦ ያወጣውን አንድ ሰው ቆሞ ቢመልሰው ይመለሳል ብላ አሰበች። ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ በሕይወቷ ስንቴ እንዳለችው የማታውቀውን ጥያቄ፣ ረጋ ብላ ጠየቀች።

«ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»

ቤቱ ሙሉ፣ አንድም ሳያመነታ፣ በአንድ ድምፅ መለሰላት፦

«ቬሪ ጉድ!»

የእሷው አባባል ነበር። መጨረሻ ላይ ድምጿን ከፍ የምታደርገውን እንኳ ሳይቀር አልተዉትም። መምህሯ አንገቷን ደፋች።

«አይ፣ አይ» አለች እትዬ ዝምታ በአማርኛ፤ «እናንተን ነው የምጠይቀው። ስማችሁን ትነግሩኛላችሁ፤ እኔ እጠብቃችኋለሁ። አልቸኩልም።» ከፊት ዴስክ ወደ ተቀመጠች፣ ኮሌታዋ የተጠገነ ልጅ ዝቅ ብላ አየች። «አንቺ፣ እስቲ ተነሺ። ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»

ልጅቷ ተነሳች። እትዬ ዝምታ ጠበቀች። ሌላ ክፍል ውስጥ ቁጥር ሲቆጠር ይሰማል። አንድ ልጅ አሳለ። ልጅቷ መምህሯን አየች፣ የተዘጋውን ሬዲዮ አየች፣ ደግሞ ወደ ሴትዮዋ ተመለሰች። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም። ያዘነችላት ትመስላለች፤ የሚባለው ነገር የጠፋባት ትልቅ ሰው እንዳያፍር እንደሚደረገው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ልትረዳት ሞከረች።

«ቲቸር፣ ‹ቬሪ ጉድ› ይበሉን እንጂ» አለቻት። «ከዚያ እኮ ያልቃል።»

እትዬ ዝምታ አላለቻትም። ወንበር ስባ ከልጅቷ ፊት ተቀመጠችና ጥያቄዋን ደገመችላት። ልጅቷ ቆማ አየቻት። ስሟን የሚጠይቃት ሰው መልሱን ይፈልገዋል ብላ አላሰበችም ነበር።